ሴት የሚገባበት ደሴት

ነሐሴ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

የእህቴ ልጅ አለሚቱ ለትምህርት ኩባ ልትሄድ ነው። ዛሬ ከአሮጌ መጽሔት የቀደድኳቸውን ሥዕሎች እያሳየኋት፣ «ይህን ነጭ አሸዋ፣ ይህን የባሕር ዳርቻ ምሽግ ሳታዪ እንዳትመለሺ» አልኳት። የእናቷ ፊት ጠቆረ።

«ደሴት ነው እንዴ? ደሴት ሴት ከረገጠችው ይሰጥማል። ልጄ አትሄድም።»

ይህን የነገርኳት እኔው ነኝ፤ የጣናን ገዳማት ልሳለም ስነሣ እከተልሃለሁ ብላ ስታስቸግረኝ። አለሚቱ በዓይኗ ለመነችኝ።

«እታለም፣ ቀልዴን ነበር። ጣና ላይም ሴት የሚገባበት ገዳም አለ።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ብቻህን ነው የተሳለምከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እሷ ትሂድ። እኔን ደግሞ ለጥቅምት ጣና አንተ ትወስደኛለህ።»

አለሚቱ ስትስቅ ዋለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ብቻ ታንኳው ላይ ሌሎቹን ቀልዶቼን አንድ በአንድ ብትጠይቀኝ መሸሻ የለኝም።