የዴል ሁለት ነጥብ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19

የቅርጫት ኳስ ልምምድ። ከተጫዋቾቼ ቦግስ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። ወገቤም እንደ ልማዱ...

የትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍል ኃላፊ አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «ኮች፣ ሐሙስ ካሸነፍክ ስለሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን። ከተሸነፍክ ግን...» አልጨረሰውም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ በካንሳስ ብርድ ልጅ ሳሯሩጥ ኖሬ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጨርስልኝም?

ለሎርና ነገርኳት። «ቢያባርሩህ እራት ቤትህ ትበላለህ» አለች ሚስቴ። ተናደድኩባት። ደክሞኝ ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 21

የነገው ጨዋታ የተመራቂዎች ምሽት ነው። ተመራቂ ተጫዋች ሁሉ ይሰለፋል፣ ወግ ነው። ቴሬል ግን የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ ያነክሳል። ለተጋጣሚው አሰልጣኝ ለዴል ደወልኩ። የድሮ ተጫዋቼ ነው።

«ገና ሲጀመር ቴሬል አንድ ኳስ ያግባ፣ አትንኩት። ወዲያው እናንተም አግቡ፣ እኛ ቆመን እናያለን።»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ ኮች!»

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ቦግስ ዛሬም አልመጣም።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 23

ትናንት ቴሬል እያነከሰ አገባ። እናቱ አለቀሰች። የእነ ዴል ተራ ሲደርስ ልጆቼ ቆሙ... ቦግስ ሲቀር! ማን ነግሮት? ዘሎ ኳሷን ነጠቀ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ዴል ትከሻውን ነቀነቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ቆይ፣ በደንብ ስንመራ ሁለት ነጥባቸውን እመልሳለሁ አልኩ። መቼ መርተን! ጥቂት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ ብቻ እንበልጣለን፣ ኳሷ ደግሞ በእነሱ እጅ። ሰበሰብኳቸው።

«ቁሙ። ያግቡ።»

«ኮች፣ አብደዋል እንዴ?» አለ ቦግስ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ሥራዎስ?»

«አፍህን ዝጋና ቁም።»

አገቡ። የእኛ የመጨረሻ ኳስ የቅርጫቱን ብረት መትታ ወጣች፤ ተሸነፍን። ዴል እጄን ሲጨብጥ፣ «ኮች፣ እኔ እኮ ረስቼው ነበር» አለኝ።

ረስቶት ነበር!

ሰኞ፣ ማርች 4

ተባረርኩ። ኃላፊው ዛሬ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰው።

ይቆጨኛል። ለምን እዋሻለሁ? በጣም ይቆጨኛል።

ማምሻውን ቴሬል እያነከሰ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ «በእኔ ኳስ ምክንያት ነው አይደል?» አለ።

«ዘንድሮ ካገባናቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሷን ነው። ግባ፣ ብርድ ነው።»

ሎርና ሦስተኛ ሳህን አወጣች። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት በላን። በጨዋታ ወራት ቤቴ እራት ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድንቹ ጨው በዝቶበታል... ደግሜ በላሁ።