በሚያዝያ ባዶ የነበረው ኤላ

ነገሌ ቦረና፣ መጋቢት 2 ቀን

ውድ ኃይሌ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ። ለመርማሪ ቡድኑ የላክኸውን ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አነበብኩት። «የበረራ ማቀጃ ሶፍትዌሩ እንከን የለበትም፤ አብራሪው ከፊቱ ያለውን ማየት ነበረበት» ትላለህ። ደግሜ ሳነበው ወረቀቱን ጨመደድኩት። ከንዴት ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

መሃል አገር ተቀምጠህ ነገሩ በወሬ ደርሶህ ከሆነ እኔ ልንገርህ። የካቲት አሥራ አራት ረፋድ ላይ ሻምበል ክርስቲያን ሄሊኮፕተሩን ይዞ ለልምምድ ወጣ። መስመሩን የሳለለትም ከፍታውን የወሰነለትም ያንተ ሶፍትዌር ነው። ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ጀርባ ሰው የለም፣ ዝቅ ብለህ እለፍ አለው፤ ዝቅ ብሎ አለፈ። እዚያ ግን ኤላው፣ ያ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ተራ የሚጠብቁ ከብቶችም መሬቱን ሸፍነውት ነበር። ከብቶቹ ደንብረው ወደ ኤላው መውረጃ ተግተለተሉ። በዚያ ጠባብ መውረጃ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። አሥራ አንድ ከብት ሞተ፣ ሁለት ጎረምሶች ተሰበሩ። የውኃውን ተራ የሚያስከብሩት አባ ገልገሎ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል።

እሳቸውን አላስታውስም እንዳትለኝ። አምና ሚያዝያ ለሶፍትዌሩ ቦታ ልንመዘግብ ስንወርድ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ሲተከል ሰው ጠርተው ያስወጡን እሳቸው ናቸው። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ወተት ሰጡን፤ አንተ ሁለት ጊዜ አስጨመርክ። በኤላው ዙሪያ ሰው አልነበረም፣ መውረጃውም በእሾህ ተዘግቶ ነበር። አስተርጓሚ ሳያስፈልግህ በራሳቸው አማርኛ ነገሩህ።

«ጌታው፣ አሁን ዝናብ ነው። ከብት ኩሬ ይጠጣል፣ ኤላ ተኝቷል። ቦና ሲመጣ፣ ዝናብ ሲጠፋ ና። መሬት አይታይም፣ ከብት ብቻ።»

«ገብቶኛል አባባ» አልክ፣ ራስህን እየነቀነቅህ።

መኪና ውስጥ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቅጽህ ስለ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መልሱም ሁለት ብቻ፦ አለ ወይም የለም።

«በበጋ አለ የሚለውን የት ልጻፈው?» አልኩህ።

ሳቅክ። «ዱረቲ፣ ኮምፒውተር ተረት አይወድም። ዛሬ ሰው አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው የለም በያ! በበጋ ተመልሰን እናስተካክለዋለን።»

አልተመለስንም። ኅዳር ላይ ደውዬ ጠየቅሁህ፣ ታኅሣሥ ላይ ጻፍኩልህ። «የርክክቡ ቀን ደርሷል፣ አሁን ካርታውን መነካካት አይቻልም» ያልክበትን መልስ አስቀምጬው ነበር። በርክክቡ ቀን ተጨበጨበልህ፣ ሻለቃም ሆንክ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሳስበው አፍራለሁ።

የወረቀት ካርታውን፣ እርሳሱንና ማስመሪያውን «የአያቶቻችን ሥራ» እያልክ ትስቅበት ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ ስህተትም አያጣውም፤ ይመለስ አላልኩም። ግን እነዚያ ሽማግሌ ናቪጌተሮች ዝቅ ያለ መስመር ከመሳላቸው በፊት ስልክ ያነሱ ነበር። «በዚህ ሳምንት ከብቱ ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንተ ያንን ስልክ ኋላቀርነት አልከው። ሶፍትዌሩማ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ያምናል! የእኔ ጠብ ተነግሮት ከማይሰማው ካንተ ጋር ነው።

አሁን የክርስቲያንን የበረራ ፈቃድ ሊነጥቁት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ይመጣና «ዱረቲ፣ እውነት ማየት ነበረብኝ እንዴ?» ይለኛል። እኔ ጉዱን እያወቅሁ ሻይ አዝዝለት ነበር።

ቅዳሜ አባ ገልገሎን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ጠይቀሻል፣ እኔ ነግሬያለሁ። ታዲያ ማነው ያልሰማ?» አሉኝ። ስምህን መጥራት አቃተኝ።

ለምን እንዳቃተኝ ልንገርህ፣ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ። እወድህ ነበር ኃይሌ። በዚያ ጭቃ በለበሰ መኪና ውስጥ ስትስቅብኝ፣ የለም የሚለውን የነካሁት አምኜበት አልነበረም። አንተን ላለማስከፋት ነው። ላንተ ስል ላደረግሁት ነገር ሌሎች ዋጋ ከፈሉ፤ አንተ ደግሞ ሁለት ገጽ ጽፈህ በክርስቲያን ላይ ጣልከው። ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ደብዳቤው ማስፈራሪያ እንዳይመስልህ፤ የምጽፍልህ ነገሩን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት መርማሪዎቹ ዘንድ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፣ የታኅሣሡን መልስህንም አስረከብኩ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አይተው «ልጄ፣ ይሄ አንቺንም ከሥራ ሊያስወጣ እንደሚችል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጥፋተኛ የምላቸውን ሰዎች ስም ጠየቀኝ።

መጀመሪያ የራሴን አስጻፍኩ። ቀጥሎ ያንተን።

ዱረቲ ጃታኒ