«አልተመዘገበም» ያልኳቸው ሰው

ረቡዕ፣ መጋቢት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሞላሌ

ዛሬ አቶ ወልደሰማዕት ወደ መሬት ጽሕፈት ቤታችን ተመልሰው መጡ። በጥር የይዞታ ደብተራቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ እኔ የሠራሁት ፕሮግራም «አልተመዘገበም» ብሎ መልሷቸው ነበር።

«የበልጉን እርሻ ተውኩት ልጄ» አሉኝ። «ያልተጻፈልኝን መሬት ማረስ ሌብነት ነው። ለማን እንደተሰጠ ንገረኝ፤ ድንጋዩን ለቅሜ የጨረስኩለት መሆኑን ይወቅልኝ።»

ኮዱን ከፈትኩ። ስሞቹን ያስገባነው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ፣ «ሰማዕት» ላይ ለ«ዕ» ነጠላ የጥቅስ ምልክት ገብቷል። ፕሮግራሜ ደግሞ ስም የሚፈልገው በዚያው ምልክት ከፍቶ በዚያው ዘግቶ ነው። ስማቸው መሐል ላይ ሲደርስ ያለቀ ይመስለዋል፤ መዝገቡ ያለበት ዳታቤዝም ጥያቄው አልገባኝም ይላል። ይህን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ የእንግሊዝኛ መልእክት ሲወጣባት ስለምትደነግጥ፣ ማንኛውም ስሕተት ሲያጋጥም «አልተመዘገበም» እንዲል አድርጌ ነበር።

ፕሮግራሙ የስሙ አካል መሆኑን እንዲያውቅ፣ ስማቸው ውስጥ ያለውን ምልክት ድርብ አደረግሁት። ስማቸው ወዲያው ስክሪኑ ላይ ወጣ። መሬቱ የሳቸው ነው።

«ምን አጥፍቼ ነበር?» አሉኝ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ማሽኑ ነው» አልኳቸው።

ኮምፒውተሩን ትንሽ አዩት። «ይሁን፤ እሱንም እግዜር ይማረው» አሉ።

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ደብተራቸውን ሞላሁላቸው። የገብሱ መዝሪያ አልፏል፤ መሬታቸው ዘንድሮ ጦሙን አደረ። ስማቸው ውስጥ ያ ምልክት ያለባቸው ሌሎችም አሉ። ስንቶቹን እንደመለስኩ ለማየት ዛሬ ድፍረት አጣሁ።