ለካሣ የሠራሽው ካልሲ

ለምወድሽ እህቴ ለአለምብርሃን፣
ደብረ ብርሃን

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ከወሊድ በኋላ ጉልበትሽ ተመለሰልሽ ወይ? ሕፃኗስ አንገቷን አቀናች? ጡትሽ ይበቃታል? ጋሽ ገብረጻድቅን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ በረታ ሲባል እየሰማን ለአንቺም ለልጅሽም ስንሳሳ ነው የከረምነው። እንደ ሁልጊዜው «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የሚቀጥለውን ከማንበብሽ በፊት ሕፃኗን ለሰው ስጪና ተቀመጪ። ጋሽ ገብረጻድቅ ከሥራ ካልገባም ጠብቂው። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አላጣሁትም። ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ በርሽ ተንኳኩቶ፣ ዘመድ ከቦሽ ልትሰሚው ይገባ ነበር። የለመንናቸው ሁሉ ፈሩ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ካሣ የለም፣ እታለም። ወንድማችንን ገደሉብን።

በጥር ወደ አንቺ ለመምጣት የይለፍ ወረቀት ሊጠይቅ ቀበሌ ሄደ፤ እዚያው አስቀሩት። «ወደ እኔ ሊመጣ ባይነሳ ኖሮ» እያልሽ ራስሽን እንዳትበዪ። ስሙ አስቀድሞ በእጃቸው ነበር፤ ባይሄድላቸውም ይመጡለት ነበር። ያኔ ቀንሽ ገብቶ ነበር፣ በኋላም አራስ ሆንሽ፤ እማዬ አንድ ቃል እንዳልተነፍስልሽ ከለከለችኝ። «ምነው ቀረ?» ብለሽ ስትጽፊ «ሥራ ይዞት ነው» ያልሁሽ ለዚህ ነው።

የእግሩን ልክ ወረቀት ላይ ስዬ በኅዳር ልኬልሽ የለ? በዚያ የሠራሽለት ነጭ የሱፍ ካልሲ የደረሰን እሱ በታሰረ በሳምንቱ ነው። እማዬ አልወሰደችለትም። በድሬዳዋ ሙቀት ሱፍ ምን ይሠራለታል፣ ተፈትቶ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ያደርገዋል ብላ ትራሷ ሥር አኖረችው። በየቀኑ ምሳውን ይዛ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ እስር ቤት ትሄድ ነበር። ሰሐኑ ባዶውን ሲመለስላት በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው፤ ደስ ብሏት ትገባለች። ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ምሳውን እንዳለ መለሱላት። ከእንግዲህ እንዳታመጪ አሏት። አስከሬኑን ስጡኝ ብላ ብትወድቅ ብትነሳ የሚሰማት አላገኘችም። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ገድለው ሲያበቁ ደግሞ እንዳታለቅሱ አሉን። ድንኳን የለ፣ እድርተኛ የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ። እማዬ ያን አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ዳቦ ቤት ትሰለፋለች፤ ሰው እንዴት ነሽ ሲላት ደህና ነኝ ትላለች። እኔ ብሆን ጨርቄን ጥዬ ባበድሁ። አንድ ቀን ከዚያ ሰልፍ ስትመለስ በሩን ዘጋችና፣ ለልጄ ከል ሳላደርግ አልቀርም፣ ሌላው ቢቀር ካልሲዬን ጥቁር ነክሬ አደርግለታለሁ፣ ጫማ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል አለችኝ።

ጥቁር ቀለም ከሱቅ ብንገዛ ለምን ገዛችሁ መባላችን አይቀርም። ስለዚህ መጋላ ሰፈር ሄጄ ኻድራን አማከርኋት። ሠርግሽ ላይ እጅሽን ሒና የቀባችሽን ኻድራን መቼም አትረሻትም። እሷም፣ አቦ ሻይና ዝገት እያለ የሱቅ ቀለም ምን ያደርጋል ብላ እቤት ድረስ መጣችልን። አባባ ምድር ባቡር ተቀጥሮ ሲሠራ ያጠራቀመውን የዛገ ሚስማር በአቼቶ ዘፍዝፌ አሰነበትሁት፤ ሽታውን ተዪው። ሻይ ቅጠሉን በአሮጌ የወተት ጣሳ እስኪጠቁር አፈላነው። መጀመሪያ የገባው የእማዬ የናይለን ካልሲ ነበር። ብንቀቅለው፣ ብናገላብጠው፣ የሚስማሩን ውኃ ብናፈስበት ወይ ፍንክች! አቧራ የነካው መስሎ ወጣ፤ ስናለቀልቀው ጭራሽ እንደነበረ ሆነ። ናይለን እንዲህ ልበ ደንዳና መሆኑን ኻድራም አላወቀችም።

እማዬ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የካሣን ካልሲ ይዛ ነበር። እታለም፣ ለእኔ ካሣ የሞተው ያን ጊዜ ነው። ካልሲው ትራሷ ሥር እስካለ ድረስ እሷ ልቧ አልቆረጠም ነበር፤ እኔም በእሷ ልብ እኖር ነበር። በገዛ እጇ ጣሳው ውስጥ ከተተችው። ሱፉ ሻዩን ጠጣ፤ የሚስማሩን ውኃ ስንጨምርበት ደግሞ ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ኻድራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንቺ ብትኖሪ ሱፍ እንዲህ አይቀቀልም ብለሽ ትጮሂብን ነበር። እኛ የድሬ ሰዎች ሱፍ የት እናውቃለን? እንደ ድንች ቀቀልነው። ከፈላው አውጥተን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስንነክረው ያ ረጅም ካልሲ ተኮማተረና ቁጭ አለ። እማዬ ብትጎትተው፣ ድንጋይ አስራ ብትሰቅለው አልመለስ አለ። ሲጠቁር ያላለቀሰች ለዚህ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ውጭ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ። የልጄን እግር ልክ አጠፋሁት ነው የምትለው። ጫማው እንደሆነ አንድ ጥንድ ነበር፤ እሱም ሲታሰር በእግሩ እንዳለ ሄደ። በማግስቱ ካልሲውን አደረገችው። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ልክ ሆነለት ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ለእማዬ ልክ ሆኗታል።

አሁን በዚህ በግንቦት ሐሩር፣ ሰው ጫማው ራሱ ሸክም ሲሆንበት፣ የእኛ እናት በሱፍ ካልሲ ትሄዳለች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዷ ካድሬ እግሯን ትኩር ብላ አይታ በዚህ ሙቀት ምን ሆነሽ ነው ብትላት፣ እማዬ ቁርጥማት ነው አለቻት። ሴትዮዋ የምር አዝና የሰሊጥ ዘይት እንድትታሽ መከረቻት። እማዬም እግዜር ይስጥልኝ አለች። ቤት ገብታ ስታወልቀው ቀለሙ እግሯ ላይ ቀርቷል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር ነው። ልጠብልሽ ብላት እግሯን ሰበሰበች።

አደራሽን እዚያ ከል እንዳትለብሺ፣ ለቅሶ ልድረስ ብለሽም እንዳትመጪ። አንቺም ከተነካሽ እማዬ አትተርፍም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የኻድራ ወንድም በድሩ ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፣ የታመነ ሰው ነው። አንብበሽ ስታበቂ አቃጥዪው። ማልቀስ ግን አልቅሺ፤ እዚያ ማንም አያውቀንምና በእኛም ድርሻ አልቅሺልን።

ጋሽ ገብረጻድቅን እግዜር ያጽናህ በዪልኝ፤ ካሣን እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ኻድራ አላህ ያጽናሽ ብላሻለች፤ ሕፃኗ እዚህ ስትመጣ እጇን ሒና የምቀባት እኔ ነኝ ትላለች። እኔ ያላየኋትን ልጅ በናፍቆት እስማታለሁ። እማዬ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ ብላለች። ሌላም ልመና አላት። ያን የካሣን እግር የሳልሁበትን ወረቀት አልጣልሽው እንደሆነ በበድሩ እጅ ላኪላት። ለአንቺም እንዲቀርልሽ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጪው። በትንሿ ጣቱ በኩል መስመሩ ይወላገዳል፤ ስትገለብጪ እንዳታቃኚው። እርሳሱ ኮርኩሮት እየሳቀ ነበር።

እህትሽ ወርቅዬ
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 27 ቀን 1970 ዓ.ም.