ስለ ማኅበሩ ናፍጣ፣ ስለ ፊልትሮው ውሃና ስለ ፊት ወንበር

ለተከበሩ ሐጂ ቡራሌ
የአያሃ መስመር የገጠር መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር
ሐርጌሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅ፣ ዕድሜዎን እንዲያረዝም፣ ማኅበራችንን ለመምራት የሚያስፈልገውን ትዕግሥትም ከእኛ ወስዶ ለእርስዎ እንዲጨምርልዎ በመመኘት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ድሬዳዋ በኖሩበት ዘመን ቋንቋውን አሳምረው ስለተማሩና እኛን ሲቆጡም የሚመርጡት እሱን ስለሆነ ነው። በግልጽ መጻፌ ደግሞ ውሳኔዎን በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ያስነገሩት እርስዎ በመሆንዎ፣ መልሱ በሹክሹክታ ቢደርስዎ ክብርዎን ያሳንሳል ብዬ ነው።

እኔ የወይዘሮ ኡባህን አሮጌ ላንድክሩዘር በከተማው ዳር በምትገኘው አያሃና በጋአን ሊባህ ሰፈር መካከል የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ቅሬታዎቼን ከማቅረቤ በፊት ስለ ዋሉልን ውለታ ላመሰግን ፈልጌ ነበር። ስጽፋቸው ግን ውለታዎቹና ቅሬታዎቹ አንድ ሆነው ስላገኘኋቸው አብረው ቀርበዋል።

1ኛ. ስለ ናፍጣው። ማንኛውም የማኅበሩ መኪና ተራ ከመያዙ በፊት ከማኅበሩ ታንከር ብቻ እንዲቀዳ በመደንገግዎ ከምርጫ ጣጣ አሳርፈውናል። መኪኖቻችን ይጨሳሉ የሚል ስሞታ ሲመጣም፣ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ይታይ በሚል አድካሚ ነገር ጊዜ ሳያጠፉ ናፍጣው ላይ ነጭ ጋዝ እንዲጨመር አዘዙ። እውነት ለመናገር ጭሱ ቀንሷል። ነገር ግን በአሮጌ ናፍጣ መኪና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። ነጭ ጋዝ ሲበዛበት ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ይህንን ለነዳጅ ቀጂው ለኤልሚ ባስረዳው፣ መኪናህ አርጅታ ጥርሷ ስለረገፈ አላምጠን ነው የምናጎርሳት ብሎ ወረፋ የያዘውን ሹፌር ሁሉ አሳቀብኝ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እኔም ሳቅሁ። ፖምፓው ግን አልሳቀም።

2ኛ. ስለ ውሃው። የታንከሩ ክዳን ከጠፋ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ከናፍጣው ጋር እንደሚኖር ያውቃሉ። ስለዚህ ሹፌሮች ከቀዳን በኋላ ጥቂት ቆይተን፣ ከናፍጣ ማጣሪያው ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርገን የረጋውን ውሃ በጠርሙስ እናወርድ ነበር። ማንም አሮጌ መኪና የያዘ ሰው የሚያደርገው ነው። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆኖ በጠርሙሱ ሲታይ ግን ተሳፋሪዎች መጠየቅ ጀመሩ። እርስዎም ለታንከሩ ክዳን ከማሠራት ይልቅ፣ የማኅበሩን ስም ያጎድፋል በሚል ጠርሙሱን ከመናኸሪያው አገዱ። ጠርሙስ የማይታይበት መናኸሪያ በእርግጥ ንጹሕ ይመስላል። ውሃው ብቻ እገዳውን ሳይሰማ ወደ ፖምፓው መሄዱን ቀጠለ።

3ኛ. ስለ ፊት ወንበር። በከተማችን የመኪናው መሪ በቀኝ ነው፤ የምንነዳውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ከጭነት መኪና ኋላ ያለ ሹፌር የሚታየው የጭነቱ ጀርባ ብቻ ሲሆን፣ የሚመጣውን የሚያየው በግራ በኩል ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ነው። ሹፌር ይህን ወንበር ለሚያምነው ሰው እንጂ ቀድሞ ለመጣ አይሰጥም። በእኔ መኪና ይህ ወንበር አያሃ የምትኖረውና በጋአን ሊባህ ሰው ቤት የምትሠራው የእትዬ ሸዋርካብሽ ነው። ስትጠራጠር ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ለመቅደም አልወጣም።

ባለፈው ሐሙስ ድንጋይ ከጫነ መኪና ኋላ ሆነን አንገቷን አውጥታ አየችና «ጥርት ያለ ነው፣ ሂድ» አለችኝ። መንገዱ ጥርት ያለ ነበር። ወጣሁ። ከጭነት መኪናው ጎን እኩል ስሆን ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ጠፋ። ያ ባዶ መንገድ ደግሞ ባዶ ሆኖ አልጠበቀንም፤ ከፊት የውሃ ቦቴ መጣ። ቦቴው ፍሬን ሲይዝ እኔ በቀረኝ ፍጥነት ከአስፋልቱ ወደ ግራ ወርጄ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆምኩ። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ የለም። እዚያው ፊልትሮውን ስፈታ መጀመሪያ የወረደው ሁሉ ውሃ ነበር። እትዬ ሸዋርካብሽ አጠገቤ ቆማ አየችውና «እኔ መንገዱን ነው የማየው፤ ናፍጣውን የሚያይ ሰው የለም እንዴ?» አለች። ጥያቄው ለእኔ ስላልሆነ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

4ኛ. ስለ ፍርድዎ። ጉዳዩን ያየው ኮሚቴዎ ያወረድኩትን ውሃ እንዲመለከት ይዤ ብቀርብ፣ ውሃው ያለው በጠርሙስ ስለሆነና ጠርሙስ ስለታገደ ሳይታይ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ለገዛ ደንቡ ታማኝ የሆነ ሸንጎ በሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያም ጥፋተኛዋ መንገዱን አሳስታ ያየችው ሴት ናት ተባለ። እሷ በማኅበሩ መኪና እንዳትሳፈር፣ እኔም በሹፌሮች ፊት ቆሜ «አሳስታኝ ነው» ስል የተነጠቅሁት ተራዬ እንዲመለስልኝ ተወሰነ። ከአያሃ ጎሕ ሲቀድ የሚነሳ ሌላ መኪና የለም። አርፍዳ የምትደርስ የቤት ሠራተኛ ደግሞ በሩን ሌላ ሴት ስትከፍትላት ታገኛታለች።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት እምቢ ብያለሁ። በሐሰት መመስከር ሐራም መሆኑን ሐጅ አድርገው ለተመለሱ ሰው ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛልና አላስታውስዎም። ወይዘሮ ኡባህም ሹፌር እንድትቀይር ለሰጧት ምክር አመስግናለች። መኪናው የእሷ ስለሆነ ሹፌሩንም ነዳጁንም ራሷ እንደምትመርጥ እንድነግርዎ አዝዛኛለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ተራ ሳልጠብቅ ከአያሃ መስጊድ ፊት ለፊት እነሳለሁ። ፊልትሮውን ተሳፋሪ ሁሉ እያየ በጠርሙስ አወርዳለሁ። እትዬ ሸዋርካብሽም ከፊት ትቀመጣለች። ኢንሻአላህ መንገድ ላይ ሊያስቆሙን ቢመጡ ያለ ችግር እንቆማለን፤ የመኪናው ፍሬን በማኅበሩ ትእዛዝ ተጠግኖ አያውቅም።

ለማኅበራችን መልካም ስም ቀንና ሌሊት ለሚደክሙት ለእርስዎ፣ ሳይታዘዝ እጁን የማያነሳውን ኮሚቴዎንም ጨምሮ፣ አላህ ምንዳዎን በሥራዎ ልክ እንዲከፍልዎ እየለመንኩ፣ በማይጓደል አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሲራጅ
ተራው የተነሳበት ሹፌር

ማስታወሻ፦ የራስዎ መኪና የማኅበሩን ታንከር በየቀኑ አልፎ ከተማ መሀል ካለ ማደያ እንደሚቀዳ ሲወራ፣ ሐሜት ነው ብዬ ተከራክሬልዎት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን እኔም እዚያው ወረፋ ይዤ ከኋላዎ ነበርኩ። ቀጂው ነጭ ጋዝ ልጨምርበት ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም፤ እርስዎም አላስታወሱትም።