የኬክሽ ቆርቆሮ እና የታንኳችን ኮምፓስ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ ኤድና፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ብርዱን እንዴት ቻለው? የባልሽ የሄርበርት ሳል ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኔ ደህና ነኝ። ልብሴ እንደረጠበ ይውላል እንጂ ሌላ የሚያስከፋኝ ነገር የለም።

ስለ ሥራዬ ደጋግመሽ ብትጠይቂኝም አፌን ይዤ ቆየሁ። አሁን የምነግርሽ ሻምበላችን ይህን ደብዳቤ የሚለቀው ግዳጃችን ሲያበቃ ስለሆነ ነው። ካያክ በምትባል ሸራ በለበሰች ጠባብ ታንኳ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ኮሽታ ሳናሰማ ወደ ጠላት መርከብ ተጠግተን ፈንጂ መለጠፍ ነው ሥራችን። ከፊቴ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ክሌም የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ጀርባውን ሳይ ስለምውል ፊቱን ብረሳው አይፈረድብኝም። ግን እትዬ፣ እናታችን እንደሱ ያለ ወንድም አልወለደችልኝም።

በቀደም በጭጋግ ፈተና ነበረብን። ወደብ ላይ የቆመች አሮጌ መርከብ ዘንድ ደርሰን የውሸት ፈንጂ ለጥፈን መመለስ ነው። ኮምፓሷን ተከትለን ቀዘፍን፣ ለጠፍን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ጭጋጉ ሲገለጥ ፈንጂያችን የወደቡ ቆሻሻ መጫኛ ጀልባ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ጓደኞቻችን "እንግዲህ ጠላት ቆሻሻውን አጥቶ ምን ይውጠው ይሆን" እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡን። ሻምበሉ ግን አልሳቀም። እኔን "አንተ ወደ ቀድሞ ክፍልህ ትመለሳለህ፤ ለክሌም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ።

ክሌም ግን "ጌታዬ፣ ኮምፓሷ ናት ያበደችው እንጂ እኛስ ደህና ነን" ብሎ ሙጭጭ አለ። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ካያኳን ሲፈትሽ ከክሌም መቀመጫ ፊት፣ ከኮምፓሷ ሥር፣ የላክሽልኝን የዝንጅብል ኬክ ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣ። እኔ ነኝ ቦታ አጥቼ እዚያ የወሸቅኳት። ቆርቆሮዋን ወዲያ ሲያደርጋት የኮምፓሷ መርፌ ወዲያ፣ ወዲህ ሲያደርጋት ወዲህ።

"የማን ናት?" አለ።

ክሌም "የእህቱ ናት ጌታዬ። መርፌዋንም እንደሱ የእህቱ ናፍቆት ይዟት ነው" አለው።

ሻምበሉ ክዳኗን ከፍቶ አንድ ቁራሽ ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከና "እጇ ይባረክ። አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክራላችሁ፤ ከእንግዲህ ኬክ በጨርቅ" አለን። በሚቀጥለው ጭጋግ መርከቧን አገኘናት፣ አብረን እንድንሄድም ተፈቀደልን።

ነገ እንሄዳለን። ወዴት እንደሆነ ገና አልተነገረንም። እፈራለሁ እትዬ፤ ለአንቺ ያልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከፊቴ ያ ጀርባ ስላለ ግን እችለዋለሁ። ኬኩን በጨርቅ ጠቅልለነዋል፤ ቆርቆሮሽን ከደብዳቤው ጋር መልሼልሻለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትዪኝ ስለነበር የአባባን ሰዓት ከትቼባታለሁ። እሷም ብረት ናትና ከእኔ ጋር አትሄድም።

ሄርበርትን ሳሚልኝ። ትንሿ ልጅሽ ዶሪን ጥርሷን ስትነቅል ብታለቅስ እኔም አልቅሼ ነበር በያት። አክስቴ ማቲልዳን ስለ ካልሲው አመስግኚልኝ፤ አንዱ ከአንዱ ቢረዝምም ሁለቱም ይሞቃሉ። ድመቷን ከወንበሬ ላይ አታስነሷት።

ሰዓቷን እንደ አባባ ማታ ማታ ሙዪልኝ። ስመጣ ቆማ እንዳላገኛት።

ወንድምሽ ዊልፍ
ሳውዝሲ፣ እንግሊዝ
ኅዳር 1943