እርስ በርስ ስለሚጠባበቁት ሁለት ሥራዎችና ስለ እህቴ ዓይን

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የዓይን ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በዚህ ሳምንት በእርስዎ ሆስፒታል መታመም ለማንም አይመከርምና።

እኔ ልብስ ሰፊ የሆነችውን ታላቅ እህቴን ይዤ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ኮሪደርዎ ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራው የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ አምስት ወር ሆነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት እንግዳ ሐኪም ዓርብ ጠዋት ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ አሉ፣ አልጋው አለ፣ እህቴም አለች። የሌለው የዓይኗ ልኬት ነው፤ እሱም ዳታቤዝዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። እንደገና እንዳትለካ ደግሞ መሣሪያው ፋይሏ ሳይከፈት አይሠራም። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ኮምፒውተርዎ በራሱ ከሚያካሂዳቸው ሥራዎች መካከል ያረጁ መዝገቦችን የሚያጸዳው ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማውጫውን የሚያድሰው ሥራ እሑድ እሑድ እየተካሄዱ ለአራት ዓመት ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ጎብኚዎች ሲመጡ ክፍልዎ ሥራ በዝቶበት እንዲያዩት ሁለቱም ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አብረው እንዲጀምሩ ስላዘዙ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ለሁለት ቀን በርዎ ላይ ስለተለጠፈው «ሲስተሙ በመሻሻል ላይ ነው» ስለሚለው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። የክፍልዎ የዳታቤዝ ባለሙያ ትናንት ከሰዓት በኋላ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ዝርዝር ብታወጣ ያገኘችው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ጽዳቱ የታካሚዎችን መዝገብ ቆልፎ የቀጠሮውን ይጠብቃል፣ እድሳቱ የቀጠሮውን ቆልፎ የታካሚዎቹን ይጠብቃል። ወደ እኛ ወጥታ «አይዟችሁ፣ የምትጠብቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ውስጥም ወረፋ አለ» ስትለን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

3ኛ. ትልቁ ምስጋናዬ ይህ ነው። ዳታቤዙ እንዲህ ያለ መፋጠጥ ሲገጥመው ራሱ አንዱን አቋርጦ ሌላውን ያሳልፍ ነበር አሉ፤ የተቋረጠው በኋላ ከመጀመሪያው ይጀመራል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። እርስዎ ግን «ተቋርጧል» የምትለው ቃል በሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ላይ እንዳትታይ ይህን ልማዱን አስቀድመው አዘግተውታል። እነሆ የተቋረጠ ሥራ የለም። ሁለቱም «በመካሄድ ላይ» ተብለው ተመዝግበዋል። በዚሁ ስሌት እህቴም በመታከም ላይ ናት።

ባለሙያዋ አንዱን ለማቆም ፈቃድዎን ብትጠይቅ፣ ጽዳቱንና እድሳቱን የሚመሩት ሁለቱ ቡድኖች አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ ብለዋል። እነሱም እንደ ሥራዎቻቸው አንዱ የሌላውን ደብዳቤ እየጠበቀ ተቀምጧል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንዱን ያቋርጡ። የትኛውን ቢሉ፣ ከሁለቱ የሚቀየምዎ አይኖርም።

ምንም ነገር ሳይነቃነቅ የሚሠራበትን ክፍል ለመምራት ላበቃዎት ጥበብ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ከመስኮቱ ሥር በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የምገኝ፣
የታካሚዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴም ከሥሬ ፈርማለች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወጥቶ ቢያገኙት ንቀት አይደለም፤ መስመሩ አልታያት ብሎ ነው። በማቋረጫው ፈቃድ ላይ እርስዎ የሚፈርሙበትን ቦታ ግን ባለሙያዋ በቀይ አስምራበት ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣልዎታለች፤ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው አይስተውም።